መሬት ላይ የቀረ አደራ



ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ል. እሑድ ነበር። እኔ ያኔ አሥራ ሦስተኛ ዓመቴን የያዝኩ ልጅ ነኝ። አባቴ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ የሱብሒን ሰላት መስጊድ ሰግዶ ወደ ቤት አልተመለሰም። ጋቢውን እንደ ተከናነበ በቀጥታ ወደ ምርጫ ጣቢያው ሄደ። ወሩ ግንቦት ቢሆንም የጉና ብርድ በዚያ ሰዓት አይጣል ነው። ቁርሱን ይዤለት ስሄድ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ሌላ መንደር ገብቷል። ከአባቴ ፊት አንድ ድንጋይ ተቀምጧል። ድንጋዩ የጎረቤታችን ቦታ ነው። ጎረቤታችን ክርስቲያን ናቸው፤ ከቅዳሴ እስኪወጡ ድረስ አባቴ ቦታ ይዞላቸው ነበር። ሰውየው ከነነጠላቸው መጥተው ድንጋዩን በእግራቸው ገፋ አድርገው ቆሙ።

አባቴ ቤት የገባው ከዙህር በኋላ ነው። አውራ ጣቱ ቀለም ነክቶታል። እናቴ «ማንን መረጥክ?» አለችው። «ምስክርነቴን ሰጥቼ መጣሁ፤ ምስክር ደግሞ በየቤቱ አይለፈልፍም» አላትና ምሳውን አቀረበች። ነገሩ በዚያው አለፈ። አባቴ የተማረው ቁርኣንና ጥቂት ኪታብ ብቻ ነው። ሆኖም ብዙ የዘመናችን ዑለማዎች ድምፅ መስጠትን ከሸሃዳና ከአማና ጋር አያይዘው እንደሚያስተምሩ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። እርሱ ግን ሰልፉ ላይ ቆሞ ያሰበው ይኸንኑ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ለማያስታውሱ ወጣቶች ግን ጥቂት ልበል። ከምርጫው በፊት ገዥው ኢሕአዴግና ተቃዋሚዎች በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ፊት ለፊት ተከራከሩ። ሚያዝያ 29 ቀን የኢሕአዴግ ደጋፊዎች መስቀል አደባባይን ሞሉት፤ በማግስቱ ደግሞ የቅንጅት ደጋፊዎች አጥለቀለቁት። ሁለቱም በሰላም ወደ ቤታቸው ገቡ። የመጨረሻው ይፋ ውጤት ሲነገር ከ547 የፓርላማ መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አገኙ። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ በብዙ ቦታ ድምፃችን ተሰርቋል ያሉ ነበሩ፤ ቅሬታው በሺህ ገጽ ተጽፏል፤ እኔ ዛሬ ወደዚያ ክርክር አልገባም። የምገባው ማንም ወዳልተከራከረበት ቦታ ነው። በአዲስ አበባ ቅንጅት ሃያ ሦስቱንም የፓርላማ ወንበሮችና ከ138 የከተማ ምክር ቤት ወንበሮች 137ቱን ወሰደ። ገዥው ፓርቲም በዋና ከተማዋ መሸነፉን ወዲያውኑ አመነ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 መሠረት የከተማዋ ነዋሪ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አለው። እንግዲህ በአንዲት ቀን፣ በወረቀት ብቻ፣ አንድ መንግሥት ተሽሮ ሌላ መንግሥት ተሾመ። በአገራችን ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አልሆነም።

ርክክቡ ግን አልተፈጸመም። ምርጫው በተካሄደበት ዕለት ማታ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በከተማዋና በዙሪያዋ ሰልፍን ለአንድ ወር ከለከሉ። ሰኔ 1 ቀን ጥይት ተተኮሰ። መስከረም 30 ቀን 1998 አዲሱ ፓርላማ ሲከፈት ቅንጅት አልገባም፤ የከተማውንም ምክር ቤት አልተረከበም። የረመዷን ጾም ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጥቅምት 22፣ ሁለተኛው ግድያ ተጀመረ። ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ኋላ በቆጠረው መሠረት በሁለቱ ጊዜ 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች ሞተዋል። የቅንጅት መሪዎች፣ ለከንቲባነት የታሰቡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ጭምር፣ ወደ እስር ቤት ተወሰዱ፤ የወጡትም ሐምሌ 1999 በይቅርታ ነው። ከተማዋን በምርጫ የተሸነፈው የአቶ አርከበ ዕቁባይ አስተዳደር ይዟት ቆየ። ከግንቦት 1998 ጀምሮ ደግሞ በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ፣ በማንም ያልተመረጠ ባለአደራ አስተዳደር ተሾመላት።

«ባለአደራ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። አደራ የሰጠው ሕዝብ ሌላ፣ አደራ የተቀበለው ሌላ፣ ባለአደራ የተባለው ሌላ!

አጎቴ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳል። ከደብረ ታቦር የወጣው በወጣትነቱ ነው፤ ሆኖም አረፋን ከእኛ ጋር ካላሳለፈ በዓል አይመስለውም። ጥር 1998 ለአረፋ ሲመጣ የመራጭነት ካርዱን በኪሱ ይዞ ነበር። እርዱ ካበቃ በኋላ ወንዶቹ ቡና ላይ ተቀምጠው ሳለ ካርዱን አውጥቶ ለአባቴ አሳየው። «ወንድም ጋሼ፣ እኔ ድምፄን ሰጠሁ፤ የት አደረሱት?» አለው። አባቴ «ተቀማ» አለ። አጎቴ ግን ራሱን ነቀነቀ። «የሌላው አገር ተቀምቶ ይሆናል፤ የኛ ግን አልተቀማም ነበር። አሸንፋችኋል ተባሉ። ለምን አልተረከቡም?» አለ። አባቴ መልስ አልሰጠውም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ስለሚከነክነኝ ነው።

ለመሆኑ አደራ የተቀበለ ሰው አደራውን አልይዝም ማለት ይችላልን?

በሸሪዓችን ስለ አደራ ዕቃ፣ ማለትም ስለ ወዲዓ፣ በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለ። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው «ይህን ዕቃ አስቀምጥልኝ» ሲለኝ እምቢ የማለት መብት አለኝ፤ በተለይ መጠበቅ እንደማልችል ካወቅሁ እምቢ ማለቴ የተገባ ነው። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ሹመት በጠየቁ ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የነገሩን ክብደት ነግረው እንደ ከለከሏቸው ስንሰማ ነው ያደግነው። ከተቀበልኩ በኋላ ግን ጉዳዩ ይለወጣል። ዕቃው ያለ ጥፋቴ ቢሰረቅ ወይም በእሳት ቢጠፋ ዕዳ የለብኝም። መያዝ ቢያቅተኝም መተው እችላለሁ፤ ነገር ግን ለባለቤቱ መልሼ ነው። መንገድ ላይ አስቀምጬው ብሄድና ሌላ ሰው ቢያነሣው ግን ዷሚን ነኝ፤ ዕዳው በእኔ ላይ ነው።

እንግዲህ የቅንጅት ሰዎች እምቢ የማለት ጊዜያቸው ከግንቦት 7 በፊት ነበር። አደራውን ለምነው ነው የተቀበሉት። በየቀበሌው ዞረው፣ ሁለት ጣታቸውን አንሥተው፣ «ለእኛ ስጡን» ብለው ነው የወሰዱት። ኋላ ላይ መንገዱ አስቸጋሪ ሆኖ ካገኙት ባለቤቱ እዚያው ነው፤ ሚሊዮን ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ተቀምጧል። «ልንረከብ ወይስ አንረከብ?» ብሎ ሕዝቡን ሰብስቦ መጠየቅ በዚያ የፖሊስ አጥር ውስጥ ቀላል እንዳልነበረ አውቃለሁ። በየሰፈሩ መመካከር የጀመሩም ነበሩ። የመጨረሻው ውሳኔ ግን የፓርቲው ሆነ፤ የፓርላማው ድምፅ ተሰርቋልና የከተማውንም አንነካም ተባለ። ሁለት አደራ ነበር፤ አንዱ ተቀማ፤ ለተቀማው ቁጣ ሲባል ያልተቀማውን መሬት ላይ ጥሎ መሄድ ግን ከየት የተገኘ ሚዛን ነው?

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳትብኝ እፈልጋለሁ። ቀማኛና ቸልተኛ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። በሰልፈኛ ላይ ጥይት የተኮሰ፣ አሸናፊዎችን ያሰረ፣ ተሸንፎ ሳለ ወንበሩ ላይ የቆየ ወገን ዕዳው የደም ዕዳ ነው፤ የአላህን ፍርድ ይጠብቀዋል። ከታሰሩ በኋላ ስለሆነው ነገርም እስረኛን መውቀስ ነውር ነው። የእኔ ጥያቄ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት አምስት ወራት ላይ ብቻ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ምሳር ለማንሣት አይደለም። የእኛው ሰዎች ስለነበሩ ነው የምጠይቃቸው። የቀማኛን ጥፋት ሁሉም ያውቀዋል፤ የራስን ወገን ቸልተኝነት ግን የሚናገር የለም።

ባለፈው ዓመት ወደ አገሬ ስዘልቅ ይህንኑ ሐሳብ ለአንድ ጡረተኛ መምህር አጫወትኳቸው። በልጅነቴ ታሪክ ያስተማሩኝ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። ፈጽሞ አልተስማሙም።

«አንተ ልጅ፣ ይህን የምትለው አዲስ አበባ ምን እንደ ነበረች ረስተህ ነው» አሉኝ። «ፖሊሱ የፌዴራል፣ ገንዘቡ ከፌዴራል፣ ዙሪያዋ በወታደር የታጠረ። የሚረከቡት ቁልፍ ብቻ ነበር፤ ቤቱ የሌላ ነው። ቢገቡ ኖሮ ውኃ ሲጠፋ ቅንጅት፣ ቆሻሻ ሲከመር ቅንጅት፣ ታክሲ ሲጠፋ ቅንጅት እየተባለ በሁለት ዓመት ውስጥ ስማቸው ይበላሽ ነበር። ደግሞስ የተሰረቀ ምርጫ ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ስርቆቱን ማጽደቅ አይደለም ወይ?»

ቀጥለውም የማልጠብቀውን ነገር አመጡብኝ። «ኢማሙ ሐሰንስ (ረ.ዐ.)? በ41ኛው ዓመተ ሂጅራ በይዓ የተሰጣቸው ኸሊፋ ሆነው ሳሉ ሥልጣኑን ለሙዓዊያ አልተዉምን? የሙስሊም ደም እንዳይፈስ ብለው አደራን ማስቀመጥ ይቻላል ማለት ነው» አሉኝ።

ይህን ሲሉኝ ለጊዜው ዝም አልኩ። እውነት ለመናገር መልሱ የመጣልኝ ማታ ተኝቼ ነው። ኢማሙ ሐሰን ሥልጣኑን መሬት ላይ አላስቀመጡም። ለታወቀ ሰው፣ በታወቀ ውል፣ ደም እንዳይፈስና ተከታዮቻቸው እንዳይነኩ ተስማምተው አስረከቡ። ዓመቱም «ዓሙል ጀማዓ» የተባለው ርክክብ ስለነበረ ነው። የቅንጅት መተው ውል አልነበረውም፤ ተረካቢ አልነበረውም፤ ደምም አላስቀረም። ስለ ቆሻሻውና ስለ ውኃው የተናገሩት ግን ትክክል ነው። እኔ የምለው፣ ሥልጣን ማለት እርሱው ነው። አጎቴ ድምፁን የሰጠው መርካቶ ውስጥ ሱቁ በራፍ ላይ የሚከመረውን ቆሻሻ የሚያነሣ ሰው ፈልጎ ነው። ስሙ እንዳይበላሽ የፈራ ሰው ለምን ተመረጠ?

ይሁንና መምህሩ አንድ ነገር ጨመሩ። «ችግሩ በ97 አልተጀመረም፤ የቆምክበትን መሬት ጠይቀው» አሉና በእጃቸው ኮረብታውን አመለከቱኝ። ትክክል ናቸው። ደብረ ታቦር መንግሥት ሲለዋወጥባት የኖረች ከተማ ናት። ታሪኳ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ይናገራል፤ ትንሽ ልዘግይበት።

ከተማዋን የቆረቆሯት የየጁው ራስ ጉግሣ መርሶ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ራስ ዓሊ ሁለተኛ ከዚህች ኮረብታ ላይ ሆነው ንጉሠ ነገሥት እየሾሙና እየሻሩ ከሃያ ዓመት በላይ ገዙ። በ1834 ዓ.ል. የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ዘመተባቸውና እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ ውጊያ ተደረገ። ውቤ አሸነፈ፤ ራስ ዓሊ ሸሹ። አሸናፊው ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ድሉን ሲያከብር ግን የራስ ዓሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ደርሶ ያዘው! ያሸነፈ ተማረከ፤ የሸሸ ተመለሰ። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ራስ ዓሊ ውቤን አልገደሉትም፤ ካሣ ተቀብለው ወደ ግዛቱ መለሱት። በዚያ ዘመን ተሸንፎ ወደ ቤት መመለስ የቻለ ሰው ጥቂት ነው። በቀጣዩ ተራ ዕድሉ እንዲህ አልሆነም። ሰኔ 1845 ካሣ ኃይሉ ራስ ዓሊን አይሻል ላይ ድል መታ፤ ራስ ዓሊም ወደ ሥልጣን ዳግመኛ አልተመለሱም። ውቤም ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ተራው ደርሶት በዚያው ካሣ እጅ ወደቀ፤ ከእስር ሳይወጣም ሞተ።

ካሣ ቴዎድሮስ ተብሎ ደብረ ታቦርን መቀመጫው አደረጋት። ከከተማዋ እምብዛም በማይርቀው ጋፋት የአውሮፓ ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች መድፍ ሠሩለት። ትልቁ ሴባስቶፖል የተባለው ነው። አገሩ በሙሉ በከዳው ጊዜ፣ ጥቅምት 1860፣ ያን መድፍ እያስጎተተ ወደ መቅደላ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ግን ከተማዋን አቃጠላት። የራሱን ከተማ! እኔ በልጅነቴ ይህን ስማር የእብደት ሥራ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሥልጣኑን የሚያስረክብበት ሥርዓት የሌለው፣ ከሥልጣን በኋላ የሚኖርበት ቤት የሌለው ሰው ሥራ ነው። ወንበሩ ከእርሱ በኋላ ለሌላ ሰው እንዲተርፍ ምን ምክንያት አለው?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የወለደው ይኸው ኑሮ ነው። የተሻረ ሰው ቤቱ፣ መሬቱ፣ አንዳንዴም አንገቱ እንደሚሄድ የሚያውቅ ሕዝብ ነው እንዲህ የሚተርት። እኛ ሙስሊሞች ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነበረን። መንግሥት ሲለወጥ «አዲሱ ምን ይለን ይሆን?» ብለን እንጠይቃለን። የራስ ዓሊ ጠላቶች ለዘመቻቸው ምክንያት ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ «ለእስላም ያደላል» የሚል ነበር። በ1870 ደግሞ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ መጣና በዐፄ ዮሐንስ ዘመን የወሎ ሙስሊም ሃይማኖትህን ለውጥ ተባለ። ብዙው ሸሸ፤ ብዙው ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም ሆኖ ኖረ። እንግዲህ አባቶቻችን መንግሥት ባይለወጥ ይሻላል ብለው ቢመኙ ማን ይፈርድባቸዋል? የሚያውቁት ለውጥ ሁሉ በጦር የመጣ ነው። መስከረም 1967ም በወታደር መጣ። የካቲት 1983 የተጀመረው ዘመቻም፣ ስሙን ከዚያው ከቴዎድሮስ ወስዶ፣ በእኛው ደጋ ላይ አልፎ ሄደ። የአባቴ ትውልድ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመንጃ ሳይሰማ መንግሥት መለወጥ እችላለሁ ብሎ የተሰለፈው በ1997 ነው። ድንጋዩን ለጎረቤቱ አስቀምጦ!

ስለዚህ በ97 የሆነውን ሳስበው ሁለቱም ወገኖች በዚያ በአሮጌው ትምህርት የተያዙ ይመስለኛል። ገዥው «ከተሸነፍኩ ጠፋሁ» አለ፤ ተቃዋሚው ደግሞ «ሁሉን ካላገኘሁ ምንም አላገኘሁም» አለ። ሁለቱም ግማሽ ድልና ግማሽ ሽንፈት የሚባል ነገር አያውቁም። ምርጫ ደግሞ ሥራው ይኸው ግማሹ ነው። ተሸንፎ ቤት መግባት፣ አምስት ዓመት መጠበቅ፣ ተመልሶ መሞከር።

ይህ በነጮች አገር ብቻ የሚሆን ነገር ነው እንዳትሉኝ። ጎረቤታችን ሶማሊላንድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ፕሬዚዳንት ስትመርጥ የዳሂር ሪያሌ ካሂንና የአሕመድ ሲላንዮ ልዩነት 80 ድምፅ ብቻ ሆነ። 80! የአንድ መስጊድ የዒሻ ሰጋጅ ማለት ነው። በወቅቱ አገሪቱን የሚያውቅላት አንድ መንግሥት በዓለም ላይ አልነበረም፤ ጠመንጃ ደግሞ በየቤቱ ነበረ። ሲላንዮ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱ ለተቃራኒው ፈረደ፤ እየመረረውም ቢሆን ተቀበለ። በ2010 እንደገና ተወዳደረና አሸነፈ፤ ሪያሌም አስረከበ። ሙስሊም በሚበዛባት ሴኔጋልም በ2000 ፕሬዚዳንት አብዱ ዲዩፍ ከሃያ ዓመት ገደማ ገዥነት በኋላ ተሸንፈው ለአብዱላዬ ዋድ ስልክ ደውለው እንኳን ደስ አለህ አሏቸው። ዋድ እኮ ያን ወንበር ከ1978 ጀምሮ ሲፈልጉት፣ ሲሸነፉና አንዳንዴም ሲታሰሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በነዚህ አገሮች የሚኖሩ ሰዎች ከእኛ የተለየ ሥጋ የላቸውም። በሶማሊላንድ ሽማግሌው «ተሸናፊው አይነካም» ብሎ ዋስ ሆኗል። እኛም አገር ዋስ መሆን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሞልተዋል፤ ለነፍሰ ገዳይ ዕርቅ የሚያወርዱ ናቸው። ለተሻረ መንግሥት ዋስ ሁኑ ያላቸው ግን የለም።

በራሳችን ቤትስ? እዚህ ላይ ዝም ብል ከአድልዎ አልድንም። ከጥር 2004 ጀምሮ ሙስሊሙ «ድምፃችን ይሰማ» ብሎ የተነሣው፣ ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር፣ የመጅሊስ መሪዎቹን በመስጊዱ ውስጥ ራሱ ልምረጥ ብሎ ነው። ምርጫው መስከረም 27 ቀን 2005 በቀበሌ አዳራሽ ተደረገ፤ ብዙው ሙስሊምም የእኔ አይደለም አለው። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ አሁንም ትክክል ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በየከተማው የመስጊድ ኮሚቴ ሲለወጥ የማየው ነገር ያሳፍረኛል። ተሻሪው የሒሳብ መዝገቡን ይዞ ቤቱ ይሄዳል፤ ተሿሚው ቁልፉን በመዶሻ ይሰብራል። አንድ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የት እንደ ሆነ አልናገርም። የሁለት ክፍል ቤትና የአንድ ጉድጓድ ውኃ መረካከብ ያቃተን ሰዎች አገርን ተረካከቡ ብለን ስንጮህ ማን ይሰማናል?

አጎቴ አሁን አርጅቷል፤ ሱቁን ለልጁ አስረክቧል። በነገራችን ላይ እርሱም ቢሆን በስንት ልመና ነው ያስረከበው! የ97ቱ ካርድ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከደረሰኞቹ ጋር በመሳቢያው ውስጥ ነበር። ወጣቱ ሱቁን ሲያጸዳ ምን እንዳደረገው አላውቅም።

ከተማዋ በሚያዝያ 2000 እንደገና መረጠች፤ በዚያን ጊዜ ምክር ቤቱ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የኢሕአዴግ ሆነ። ቀጥሎ ደግሞ ግንቦት 15 ቀን 2002 አገር አቀፍ ምርጫ መጣ። እሑድ ነበር። እኔ ለዕረፍት ደብረ ታቦር ነበርኩ። በዚያ ዓመት ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ፤ በ2007 ደግሞ ሁሉንም። አባቴ ሱብሒን ሰግዶ በዚያው ሄዶ መረጠ። ቁርስ ሳይቀርብ ቤት ገብቶ ጋቢውን አጥፎ አስቀመጠ። አውራ ጣቱ ቀለም ነክቶታል። እናቴ ሻይ ቀዳችለት። ማንን እንደ መረጠ ግን አልጠየቀችውም።